በወሰን ላይ የተቀመጠ አንበሳ

ዋቁማ በዕድሜው ማንንም አስፈርቶ አያውቅም። የሚያውቁት ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ፤ ሚስቱ ጃለኔ ደግሞ ሳትጠየቅም ትመሰክራለች። ሚኒሶታ፣ ብሉሚንግተን ውስጥ የሆቴል ቫን እየነዳ እንግዶችን ከኤርፖርት ያመላልሳል፤ ከኋላው ያለ መኪና ጥሩንባ ከነፋ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳያጣራ በመስኮት እጁን አውጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ ጣሳው ላይ ሽኮኮ ተቀምጦ ካገኘ፣ ሽኮኮው በልቶ እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ፣ ኤፕሪል ውስጥ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ረቢዎች በተሰየሙበት ችሎት አንበሳ ብለው የሚጠሩት።

"ክራባቱን ፍታው" አለችው ጃለኔ፣ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች። "የተከሰስከው አንተ አይደለህ።"

"ክስ አይደለም እኮ፤ ጥሪ ነው።"

"ታዲያ ለጥሪ ምን ያሳንቅሃል?"

ዋቁማ ክራባቱን ፈታ። እሷ ከወጣች በኋላ መልሶ አሰረው።

እውነቷን ነው፤ የተጠራው እሱ አልነበረም። የተጠሩት የቤቱ ባለቤት ሚስተር ዜሊግ ናቸው። ሚስተር ዜሊግ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ዓይናቸው የደከመ አይሁዳዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲያ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው የአረጋውያን አፓርትመንት ገቡና ሴንት ሉዊስ ፓርክ ያለውን ቤታቸውን ለዋቁማ አከራዩት። የዋቁማ ቤተሰብ ሪችፊልድ ውስጥ ከላይ በሚጨፍር፣ ከታች ደግሞ ጣሪያ በመጥረጊያ በሚደበድብ ጎረቤት መካከል ሲኖር ስለቆየ፣ እዚህ ቤት እንደገቡ ጸጥታው አስፈርቷቸው እንቅልፍ አጥተው ነበር። ከዚያ ለመዱት። ልጃቸው ሮሆቦት ከዚሁ ቤት ሃይስኩል ጨረሰች፤ ጃለኔ ጓሮው ላይ ጎመን ዘራች። ባለፈው መኸር ሚስተር ዜሊግ "ቤቱን ልሸጠው ነው፤ ካንተ ሌላ ሰው አላስገባበትም" ሲሉት ዋቁማ ጉንጫቸውን ሳማቸው። ሽማግሌው እንዲህ ያለ መልስ ስላልለመዱ መነጽራቸውን ብቻ አስተካከሉ። ባንኩም እሺ አለ። ክሎዚንጉ፣ ማለትም የሽያጩ መፈራረሚያ፣ ለኤፕሪል መጨረሻ ተቀጠረ።

ይኼኔ ነው ጎን ለጎን ያሉት ጎረቤት ሚስተር ኢሰር የተነሡት። እሳቸውም አይሁዳዊ ናቸው፤ ሕጉን አጥብቀው የያዙ። ቤቱን ላገባችው ልጃቸው ይፈልጉታል። በእነሱ ዘንድ አንድ ሰው ቤቱን ሲሸጥ አስቀድሞ ወሰንተኛውን ይጠይቃል የሚል የቆየ ሥርዓት አለና፣ "ሳልጠየቅ ተሸጠብኝ" ብለው ሚስተር ዜሊግን በረቢዎች ችሎት አስጠሯቸው። የመንግሥት ዳኛ ጋ ቢሄዱ ስቆ ይመልሳቸው ይሆናል፤ ግን አይሄዱም። አይሁዳዊ ከወንድሙ ጋር ሲጣላ መጀመሪያ የሚቆመው ረቢዎቹ ፊት ነው። ሚስተር ዜሊግ ነገሩን ለዋቁማ በስልክ ሲነግሩት በመጨረሻ እንዲህ አሉት፦ "ሽጥ ካሉኝ እሸጣለሁ፤ አትሽጥ ካሉኝ አልሸጥም። በዚህ ዕድሜዬ ችሎት ጥሼ መሞት አልፈልግም።"

ስለዚህ ዋቁማ በዚያ ማክሰኞ ቤት ያገኛል ወይም ቤት ያጣል።

ይህ በአደባባይ የሚታወቀው ፍርሃቱ ነው። ይህንን እንኳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጁን አንሥቶ ጸልዩልኝ ብሎበታል። ሌላውን ፍርሃቱን የሚያውቁት ግን እሱና ጃለኔ ብቻ ናቸው፤ ለእሱ ደግሞ ማንም እንዲጸልይለት መጠየቅ አልቻለም።

ነገሩ በደግነት ነው የጀመረው። አምና ክረምት የሚስተር ኢሰር ባለቤት ከበራቸው ላይ ተንሸራተው ወድቀው፣ ክንዳቸው ተጀሶ ሲወጡ ሲገቡ ዋቁማ አይቷል። ባልየው በሰንበት አካፋ አያነሡም፤ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ቅዳሜ ጠዋት በረዶ ከጣለ ሁለቱ ተደጋግፈው፣ እስከ ቅልጥማቸው እየሰጠሙ ነው በእግራቸው ወደ ምኩራብ የሚሄዱት። ዋቁማ ዘንድሮ ይህን ቆሞ ማየት አልሆነለትም። ሳይጠይቃቸውም ሳይነግራቸውም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገና በራቸውን ሳይከፍቱ የእነሱንም መንገድ ይጠርግላቸው ጀመር። ክረምቱን ሙሉ።

"የኛን መኪና ማን ያውጣው?" ትለው ነበር ጃለኔ በመስኮት። "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ነው የተባለው፤ ከራስህ አስበልጠህ አልተባለም።"

ታዲያ የተጠረገ በረዶ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። መንገድ ላይ ቢደፋው ከተማው ይቀጣዋል። የራሱ የፊት ግቢ እስከ ደረቱ ተቆልሏል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ግን ማንም የማያልፍበት ጠባብ ክፍተት ነበረ፤ ወደዚያ ወረወረው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሁለቱንም ቤት በረዶ ወደዚያ። ነቀምቴ ያደገ ሰው ሚኒሶታ ሲመጣ መንሸራተትን ይማራል፣ የመኪና ባትሪ መሞትን ይማራል፤ ማርች ላይ ያ ሁሉ ክምር ውሃ እንደሚሆን፣ ውሃ ደግሞ መሄጃ እንደሚፈልግ የሚያስተምረው ግን አላገኘም። ሪችፊልድ እያሉ በረዶውን የሚያስጠርገው አፓርትመንቱ ነበር። ክፍተቱ ውስጥ፣ ከክምሩ ሥር፣ የሚስተር ኢሰር የቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለው ክፍላቸው፣ መስኮት ነበረ፤ ብርሃን እንዲገባበት ዙሪያው እንደ ትንሽ ጉድጓድ የተቆፈረ።

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን ዋቁማ ከሥራ ሲመለስ፣ ሚስተር ኢሰርና አማቻቸው ከቤዝመንት ሳጥን እያወጡ መኪና ላይ ሲጭኑ አየ። ሳጥኖቹ ውስጥ በውሃ ያበጡ ትልልቅ መጻሕፍት ነበሩ። ዋቁማን ያስደነገጠው አያያዛቸው ነው። ከሥር በሁለት እጅ ደግፈው፣ ቀስ ብለው፣ ሳይነጋገሩ፤ ሬሳ እንደሚያወጣ ሰው።

ለሚስተር ዜሊግ ደወለና እንደ ዘበት ጠየቃቸው።

"ቅዱስ መጽሐፍ ቢበላሽ አይጣልም" አሉት። "መቃብር ቦታ ወስደን እንቀብረዋለን። ለምን ጠየቅኸኝ?"

"እንዲያው ነው" አለ ዋቁማ።

ስልኩን ዘግቶ ወደ ክፍተቱ ሄደ። ከክምሩ የቀረች ጥቁር በረዶ ነበረች፤ ከሥሯ ቀጭን ቦይ ተነሥቶ፣ በእጅ የተቀደደ ይመስል ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ ጉድጓድ ገብቷል። ዋቁማ ቦዩን በጫማው ደፍኖ ዙሪያውን ተመለከተ። ከዚያ መድፈኑ ራሱ የሌባ ሥራ መሰለውና መልሶ ከፈተው።

"መጽሐፍ ቅዱስ አሰጥሜ ገደልኩ" አላት ለጃለኔ።

ጃለኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስነገረችው። 

"ክሎዚንጉ ካለፈ በኋላ ትነግራቸዋለህ" አለችው በመጨረሻ።

"ቤቱን ከጨበጥኩ በኋላ ብነግራቸው ያ መንገር ነው? ማሾፍ ነው እንጂ።"

"ዛሬ ብትነግራቸውስ? 'እኔ የምፈልገውን ቤት ሊገዛ የመጣው ሰው ቤቴን አጥለቀለቀው' አይሉም? ሽማግሌው ይሄን ሰምተው ይሸጡልሃል? ማሎ፣ እባክህ ዋቁማ፣ አፍህን ያዝ።"

አፉን ያዘ። አፉን መያዙ ግን ሆዱን አልያዘለትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስተር ኢሰር በራቸውን በከፈቱ ቁጥር የራሱን በር ይዘጋል።

ማክሰኞ ጠዋት ሚስተር ዜሊግን ከአፓርትመንታቸው ወሰዳቸው። እሳቸው መንዳት ካቆሙ ወዲህ ወደ ሐኪምም ሆነ ወደ ገበያ የሚያደርሳቸው እሱ ስለሆነ፣ ወደ ችሎቱም አንተው ውሰደኝ ብለውታል። ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

"ታንቀሃል" አሉት ክራባቱን በጣታቸው ነክተው። ማየት ቢከብዳቸውም እንዲህ ያለው አያመልጣቸውም።

"ሚስቴም ይሄን ብላኛለች።"

"ስማኝ። ኢሰር ሽያጩን ማስቆም የሚችል አይመስለኝም። ያ ሥርዓት ገዢው አይሁዳዊ ሲሆን ነው የሚሠራው። ለሌላ ሰው ከተሸጠ ከገዢው እጅ አይነጠቅም።"

ዋቁማ ትንፋሹን ለቀቀ። ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ እጁን አውጥቶ ይቅርታ ጠየቀ።

"ግን ሌላ ነገር አለ" አሉ ሽማግሌው። "ለአይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ከሸጥኩ፣ የቀድሞ ሊቃውንቶቻችን 'በጎረቤትህ ወሰን ላይ አንበሳ አስቀመጥክበት' ይላሉ። አንበሳው አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"አንተ። አትሳቅ።"

ዋቁማ የመሳቅ አሳብም አልነበረውም።

"ነገሩ የስድብ አይደለም። በዚያ ዘመን ጎረቤት ጎረቤቱን ቢጎዳ ረቢዎቹ ጋ ይጠራዋል። ጎረቤቱ ሌላ ሰው ከሆነ ግን ማንን ይጠራል? ንጉሡ ጋ ይሂድ? ስለዚህ ሻጩ እንዲህ ይባላል፦ በገዢው ምክንያት በወሰንተኛህ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ራስህ ተጠያቂ ነኝ ካላልክ ከማኅበሩ ትለያለህ። ማንም አያነጋግርህም፤ አብሮህ አይጸልይም። እሺ ካልክ ረቢው መሐረብ ያወጣል፤ አንተ ጫፉን ይዘህ ታነሣለህ። በቃ፤ ውሉ ታሰረ።"

"ዋስ ማለት ነው" አለ ዋቁማ በቀስታ። ቃሉን በእንግሊዝኛ ለማግኘት ትንሽ ተቸገረ።

"አዎ። ያንተ ዋስ እሆናለሁ።"

ዋቁማ ልጅ ሆኖ ነቀምቴ አንድ ዋስ አይቷል። የአባቱ ጓደኛ ነበር፤ ለአንድ ዘመዱ ዋስ ሆኖ ዘመዱ ጠፋ። ሰዎች መጥተው የሰውየውን በሬ ሲነዱት፣ ሰውየው አልተከራከረም፤ በሩ ላይ ቆሞ በሬው እስኪርቅ ያይ ነበር። አሁን ያ በሬ መኪናው ውስጥ አብሯቸው የተቀመጠ መሰለው።

"ሚስተር ዜሊግ" አለ።

"ወይ።"

"አንድ ነገር..."

"መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል?" አሉ ሽማግሌው።

ሆኗል። ከኋላ ጥሩንባ ተነፋ። ዋቁማ እጁን አውጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ነዳ፣ የጀመረውንም ሳይጨርስ ደረሱ።

ችሎቱ ከምኩራቡ በስተጀርባ ያለች የመማሪያ ክፍል ናት። የፍርድ ቤት ወንበር የሚመስል ነገር የለባትም፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የወረቀት ኩባያዎች፣ ጥግ ላይ የሚንጫጫ ማሞቂያ። ዋቁማ ግን ከወንጌል የሚያውቃትን ረቢ የምትለዋን ቃል በሦስት ሰው ተባዝታ ሲያያት ክራባቱን ጠበቅ አደረገ። መካከል የተቀመጡት ሰብሳቢ ጉንፋን የያዛቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በየደቂቃው በመሐረብ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። ዋቁማ የፈራው ሁሉ ሳይበቃው፣ ውል የሚታሰርባት ይህችኛዋ መሐረብ እንዳትሆን ብሎ ደግሞ ፈራ። በቀኝ አንድ ወጣት ረቢ ላፕቶፕ ከፍቷል። በግራ ያሉት ወፍራም ረቢ ስኳር ከኩባያው እያነሡ ይልሳሉ፤ ምንም አይናገሩም።

ሚስተር ኢሰር ቀድመው መጥተው ተቀምጠዋል።

"ይሄ ማነው?" አሉ ሰብሳቢው።

"ሾፌሬ ነው" አሉ ሚስተር ዜሊግ።

"ገዢው ነው" አሉ ሚስተር ኢሰር።

"ሁለቱም እውነት ነው" አሉ ሚስተር ዜሊግ።

ዋቁማ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። "ውጭ ልጠብቅ እችላለሁ፤ ውጭ ጥሩ ነው።"

"አንበሳው ይሄ ከሆነ" አሉ ሰብሳቢው አስነጥሰው ሲያበቁ፣ "ኮሪደር ላይ ከምናጣው እዚሁ እያየነው ቢቀመጥ ይሻላል።" በእጃቸው ግድግዳ ሥር ያለችውን ትንሽ ወንበር አሳዩት። የሕፃናት ወንበር ነበረች። አንበሳው ጉልበቱ አገጩን እየነካው ተቀመጠ።

ክርክሩ ብዙ አልወሰደም።

"ዜሊግ ሊሸጥ ማሰቡን ሰምተህ ነበር?" ብለው ሰብሳቢው ሚስተር ኢሰርን ጠየቁ።

"በአጥር ላይ ነግሮኝ ነበር። ቆይቷል።"

"ምን አልከው?"

"አስብበታለሁ።"

"አሰብክበት?"

"እያሰብኩበት ተሸጠ።"

ላፕቶፕ የያዘው ረቢ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሦስቱ ረቢዎች አንገታቸውን አቀራርበው ዋቁማ በማያውቀው ቋንቋ አወሩ። ከዚያ ሰብሳቢው ሽያጩ እንደማይታገድ ተናገሩ። ተነግሮህ ዝም ብለሃል፤ ገዢውም በዚህ ሥርዓት አይያዝም አሏቸው። ዋቁማ እጁን በጉልበቶቹ መካከል ጨመቀ። ቤቱ የእሱ ሊሆን ነው። በዚያች ቅጽበት ተነሥተው ቢሄዱ ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ አይኖርም ነበር።

"ስለ ሁለተኛው ነገር" አሉ ሰብሳቢው። "ኢሰር፣ ከዚህ ሰው ምን ትፈራለህ?"

ሚስተር ኢሰር ወደ ዋቁማ አልዞሩም። ጠረጴዛውን እያዩ ተናገሩ።

"በስሙ የምጠራው ነገር የለኝም። ጨዋ ሰው ነው፤ ሚስቱም ጨዋ ናት። ግን ዘንድሮ ቤዝመንቴ ውሃ ገባ። እዚያ ቤት ልጆቼን ሳሳድግ ገብቶ አያውቅም። ከሰማይ የመጣ ነው፤ ማንንም አልከስም። የአባቴ መጻሕፍት ነበሩ፤ ዳር ዳሩ ላይ በእጁ የጻፈባቸው። ቀበርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር እፈራለሁ። ጎረቤቴ አይሁዳዊ ቢሆን፣ ቢበድለኝ እዚህ አመጣዋለሁ። ይሄን ሰው ወዴት አመጣዋለሁ?"

ማሞቂያው ተንጫጫ። ዋቁማ ጆሮው ውስጥ የውሃ ድምፅ ሰማ፤ ደሙ ይሁን ማሞቂያው አልለየም።

"ትክክለኛ ጥያቄ ነው" አሉ ሰብሳቢው። "ዜሊግ፣ በዚህ ሰው ምክንያት በኢሰር ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ ተጠያቂ ትሆናለህ?"

"ምን ጉዳት?" አሉ ሚስተር ዜሊግ ፈገግ ብለው። "ይሄ ሰው ሽኮኮ ይፈራል። እሆናለሁ።"

ሰብሳቢው የተጠቀሙበትን መሐረብ ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ ከሌላ ኪስ የታጠፈ ንጹሕ መሐረብ አወጡ። ፈታ አድርገው አንዱን ጫፍ ራሳቸው ይዘው ሌላውን ዘረጉ። የሚስተር ዜሊግ እጅ መሐረቡን ለማግኘት በአየር ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። ዓይናቸው ደክሟልና አላገኙትም። እጃቸው ግን አሁንም ይፈልጋል።

ዋቁማ ያችን እጅ ሲያይ ቤቱን አየ፣ የጃለኔን ጎመን አየ፣ ከዚያም ያንን በሬ።

"አይያዙት" አለ።

ድምፁ ከሕፃናቱ ወንበር ስለመጣ መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አልገባቸውም። ሊነሣ ሲሞክር ወንበሯ አብራው ተነሣች፤ ከዳሌው አላቅቆ አስቀመጣት።

"አይያዙት፣ ሚስተር ዜሊግ። ውሃው ከሰማይ አይደለም። ከእኔ ነው።"

ነገራቸው። እንግሊዝኛው እየተሰባበረ፣ ቅዳሜውን፣ አካፋውን፣ ክፍተቱን፣ ቦዩን። መጨረሻ ላይ እንደ ደፈነውና መልሶ እንደከፈተው እንኳ ነገራቸው፤ ማንም ያልጠየቀውን።

ሲጨርስ ሚስተር ኢሰር አሁን ዞረው አዩት። ዋቁማ ሰው እንዲህ ሲያየው አያውቅም፤ ከሆቴሉ እንግዶች አብዛኞቹ የሚያዩት ከኋላው ስለሆነ ይሆናል። በዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ቢያይ ይሻለው ነበር። ያየው ግን ፍርሃት ነው። ዋቁማን የመሰለ ሰው፣ ሚስተር ኢሰርን የመሰለ ሰው አስፈራ። ይህን ሲያውቅ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ማን ጥረግልኝ አለህ?" አሉ ሚስተር ኢሰር። ድምፃቸው ቀጥኗል።

"ማንም። ባለቤትዎ አምና ሲወድቁ አይቼ ነው።"

ወፍራሙ ረቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። "ኢሰር፣ የተጠረገውን መንገድ ሄድክበት?"

ሚስተር ኢሰር ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ።

"ሄድኩበት" አሉ። "ከተማው የሚጠርግ መስሎኝ ነበር።" ከዚያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አደረጉ። "አይደለም። እሱ እንደሆነ አውቅ ነበር። በመስኮት አየዋለሁ። በሰንበት ሥራልኝ ማለት አልችልም፤ ሳልለው ሲሠራልኝ ደግሞ ተው አላልኩትም። ሚስቴ ዘንድሮ አልወደቀችም። በረዶውን የት እንደሚያደርገው ግን አላየሁም። ማየትም አልፈለግሁም።"

ሰብሳቢው መሐረቡን አሁንም እንደዘረጉ ነበር። እጃቸው ዝሎ ሊሆን ይችላል።

"ዜሊግ፣ አሁን የምትይዘው እንዲሁ የሚታሰብ ጉዳት አይደለም" አሉ። "አንበሳው መናከሱን ሰምተሃል። ስላለፈው አንጠይቅህም፤ ያለፈው በሁለቱ መካከል ነው፤ ይሄ ሰውም እዚህ ልናዘው የምንችለው ሰው አይደለም። ከዛሬ በኋላ ላለው ነው። ካልያዝክ ማንም አይፈርድብህም። ካልያዝክ ግን መሸጥ አትችልም።"

ሚስተር ዜሊግ እጃቸውን ወደ ጉልበታቸው መልሰዋል። ፊታቸው ላይ ፈገግታው የለም። ዋቁማ ያችን እጅ ብቻ ያያል። ለጃለኔ ምን እንደሚላት ማሰብ ጀምሮ ነበር፤ ሪችፊልድ እዚያ አፓርትመንት፣ ከላይ የሚጨፍረው ሰውዬ አሁንም ይኖር ይሆን?

"ዋቁማ" አሉ ሽማግሌው።

"አቤት።"

"መኪና ውስጥ ልትነግረኝ ፈልገህ ነበር?"

"መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።"

"ሌላ አለ? ያላወቅሁት ሌላ ነገር?"

ዋቁማ ከልቡ አሰበ። "ባለፈው ክረምት የሚስተር ኢሰርን የቆሻሻ ጣሳ በመኪና ነካ አድርጌዋለሁ። አልተሰበረም። አንድ ቀን ደግሞ የጃለኔ ጎመን ቅጠል በነፋስ ወደ ግቢያቸው..."

"በቃ" አሉ ሚስተር ዜሊግ። ወፍራሙ ረቢ የላሱት ስኳር ትን አላቸው።

የሽማግሌው እጅ እንደገና ወጣ። በአየር ላይ ፈለገ። ማንም አልረዳቸውም፤ መርዳት የሚፈቀድ አይመስልም ነበር። ጨርቁን ሲያገኙ በሁለት ጣት ያዙት፣ ከፍ አደረጉት፣ መልሰው ለቀቁት።

"እኔ ዘጠና ሊሞላኝ ነው" አሉ ለዋቁማ፣ በሁሉም ፊት። "ጉዳት ካደረስክ ጥያቄው የሚመጣው ወደኔ ነው። መቃብሬም ድረስ ቢሆን ይመጣል። አካፋ ስታነሣ ይሄን አስታውስ።"

ሲወጡ ሚስተር ኢሰር በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዋቁማ ጎንበስ አለ፤ ስለ መጻሕፍቱ የሚለውን ከጠዋት ጀምሮ ሲያሰናዳው ነበረ፤ የወጣው ግን "ይቅርታ" ብቻ ነው፣ በየመንገዱ ለጥሩንባ ሁሉ የሚበትናት ያችው ቃል። ሚስተር ኢሰር ትንሽ አዩት።

"የተቀበረን ምን እጠይቅበታለሁ?" አሉና ሄዱ። ይቅር ማለታቸው ይሁን አለማለታቸው ለዋቁማ እስከ ዛሬ አልተገለጠለትም።

ክሎዚንጉ በቀጠሮው ቀን አለፈ። ሮሆቦት ወረቀቱን አይታ "ዳድ፣ ዩ ዲድ ኢት" አለችው። ጃለኔ በጓሮው ተጨማሪ ጎመን ዘራች። በጋው አለፈ፤ ዋቁማ አንዳንድ ቀን ረስቶ እንደ ባለቤት ግቢው ውስጥ ይንጎራደድ ነበር።

ኖቬምበር ውስጥ የመጀመሪያው በረዶ ወረደ። እንዳጋጣሚ ሆኖ አርብ ጀምሮ ቅዳሜ አነጋው።

ዋቁማ የራሱን መንገድ ከጠረገ በኋላ ከሚስተር ኢሰር በር ፊት ለፊት አካፋውን ይዞ ቆመ። ቢጠርግ፣ ያው ነገር ነው። ባይጠርግና ሴትየዋ ቢወድቁ፣ ያም በእሱ ምክንያት ይባል ይሆን? ይህን ረቢዎቹን አልጠየቃቸውም። አሁን ሊደውል ቢል ሰንበት ነው፤ ማንም ስልክ አያነሣም። ሚስተር ዜሊግ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከአጠገቡ የተቀመጡ መሰለው።

ጎማ ጋሪውን ከጋራዥ አወጣ። የጎረቤቱን በረዶ እያፈሰ በጋሪ ጫነ፣ በቤቱ ዳር አዞረ፣ እስከ ጓሮው መጨረሻ ገፍቶ ደፋው። እንደገና ተመለሰ። ክፍተቱ ውስጥ አንድ አካፋ እንኳ አልጣለም፤ ነፋስ ያስገባውን ሁሉ በእጁ ዘግኖ አወጣ።

በሩ ተከፈተ። ሚስተር ኢሰር ባለቤታቸውን በክንዳቸው ይዘው ወጡ። የተጠረገውን መንገድ አዩ። ከዚያ አልሄዱም፤ አንገታቸውን ዘርግተው መጀመሪያ ክፍተቱን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ዋቁማ ጋሪው ላይ ተደግፏል። በመጨረሻ ባልና ሚስት ቀስ ብለው፣ መንገዱ ሊነክሳቸው እንደሚችል ሁሉ በእግራቸው እየሞከሩ ሄዱ። ማዕዘኑን እስኪዞሩ ዋቁማ አልተነፈሰም።

"አንበሳው፣ ግባ" አለችው ጃለኔ ከኋላ በር። "ጆሮህ ሊረግፍ ነው።"

"መጣሁ" አለ።

አልመጣም። ጓሮው መጨረሻ ላይ ሄዶ የቆለለውን እያየ ቆመ። ክምሩ ከአጥሩ እኩል ሆኗል። መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ለካ፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ሌላ ቤት አለ፤ ከቤቱ ሥር፣ ከመሬት ጋር እኩል፣ አንዲት ትንሽ የቤዝመንት መስኮት።

በረዶው ገና መውረዱን አላቆመም ነበር። ዋቁማ አካፋውን አነሣና ክምሩን ወደ ራሱ ቤት ይመልስ ጀመር።